ከጽሕፈት መኪናዬ ኋላ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

እንደምን ከረማችሁ? ክረምቱ የጦሳን ተራራ በጉም ጋርዶ ደሴን እንደ ጓዳ አቀዝቅዟታል። ደብዳቤዎቻችሁን ያነበብኳቸው ከሰል አጠገብ ተቀምጬ ነው፤ የአንዱ ጠርዝ ቢጠቁር ይቅር በሉኝ። ለዚህ እትም አምስት መርጫለሁ። የመጀመሪያው ብዙ አስኪዶኛል፣ ሌሎቹ አጠር ይላሉ።

ለአዲስ አንባቢ፦ ደሴ ተወልጄ፣ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚሁ ከተማ በመንግሥት ታይፒስትነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ፖለቲከኛ ሆኜ አላውቅም። የፖለቲከኞችን ወረቀት ግን ከተማሪነታቸው ጀምሮ መትቻለሁ።

*

«እትዬ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን በሌላ ከተማ የአራተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። በተማሪዎች ኅብረት ተመርጬ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የፈተና ፕሮግራም እንዲሸጋሸግ ተማሪውን ወክዬ ስናገር የሰሙኝ አንድ ትልቅ ሰው ‹አንተ የፖለቲካ ሰው ነህ፣ ና ግባ› አሉኝ። ጓደኞቼም ‹ክልሉን የመሩት ሁሉ ከተማሪ ንቅናቄ የመጡ ናቸው፤ ማይክ የያዘ ወንበር ይይዛል› ይሉኛል። እውነት መንገዱ ይኸ ነው? እነዚያ ሰዎች እንዴት ነው የሄዱት?»
(ከኮምቦልቻ)

ልጄ፣ ከጓደኞችህ ልጀምር። «ሁሉም» አይደሉም። የአማራ ክልል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አዲሱ ለገሰ ከዚያ ትውልድ ናቸው፤ ከኢሕአፓ ተለይተው በኅዳር 1973 ኢሕዴን የተባለውን የትግል ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ። ኢሕዴን በ1986 ብአዴን ሆነ፣ በመስከረም 2011 አዴፓ ተባለ፣ በኅዳር 2012 ከብልጽግና ጋር ተዋሐደ። እየቆየ ሲሄድ ግን በዚያ ወንበር የሚቀመጡት በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በፓርቲው መዋቅር ውስጥ ያደጉ ሰዎች እየሆኑ መጡ። ዶክተር አምባቸው መኮንን እንግሊዝ አገር ኢኮኖሚክስ ተምረው የመጡ ሰው ነበሩ፤ የካቲት 29 ቀን 2011 ተሾመው አራት ወር ሳይሞላቸው ሰኔ 15 ባሕር ዳር ላይ ተገደሉ። እንግዲህ መንገዱ አንድ አይደለም። ማይክ ይዘው ወንበር ያልደረሱትን ደግሞ ማንም አይቆጥራቸውም። እኔ ቤት አንድ የክፍል ፎቶ አለ፤ ከኋላ ከቆሙት ዘጠኝ ወንዶች ቢሮ የገባው አንድ ነው። አራቱ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላቸውም።

ስለዚያ ስለ አንዱ ልንገርህ። ስሙን አልጠራም፣ ልጆች አሉት።

በ1966 እኔ ዘጠነኛ ክፍል፣ እሱ አሥራ ሁለተኛ ነበርን። ያን ጊዜ ደሴ ምን እንደምትመስል ከመጽሐፍ ማወቅ ይከብዳል። ድርቁ ከ1965 ጀምሮ ወሎን ፈጅቶ ሰዉ በወልዲያ መንገድ እየተጎተተ ወደ ከተማ ይገባ ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ማታ የተቀመጠ ሰው በተቀመጠበት ቀርቶ እናገኛለን። ቁርሳችንን በጋዜጣ ጠቅልለን ይዘን ወጥተን የምንሰጠው ሰው እንመርጣለን። መምረጥ! የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማን ይብላ ብላ ትመርጣለች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የረኃቡን ፎቶግራፍ አንሥተው ግቢያቸው ውስጥ አሳይተዋል ሲባል ሰምተናል፤ እኛ ግን ፎቶ አላስፈለገንም። ያ ልጅ ተናጋሪ የሆነው በዚያ ነው። መጽሐፍ አንብቦ አልነበረም፤ መጽሐፉ በኋላ መጣ። አንድ ቀን ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሞ «ትናንት እዚህ በር ላይ የነበረችው ሴትዮ የት ሄደች?» አለ። ሌላ አልተናገረም። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተነሣ።

የካቲት 11 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ ሲያቆሙ እኛም ወረቀት መበተን ጀመርን። እኔን የፈለገኝ አጎቴ ታይፕ ስላስተማረኝ ነው። ስቴንስል አይተህ አታውቅምና ልንገርህ። ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። የጽሕፈት መኪናውን ሪባን ከመንገድ ታነሣዋለህ፤ ፊደሉ ራቁቱን ሰሙን ይበሳዋል። ከተሳሳትክ እንደ ጥፍር ቀለም የሚሸት ቀይ ፈሳሽ ቀብተህ፣ እፍ ብለህ፣ እስኪደርቅ ጠብቀህ በላዩ ትመታለህ። ከዚያ ማባዣው ላይ ይጠመጠማል። ማባዣው የማን እንደነበረ ዛሬም አልናገርም። መዘውሩን አንዱ ያዞራል፣ አንዱ ወረቀት ያቀብላል፣ አንዱ በር ላይ ይቆማል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቅጂዎች ደብዛዛ ስለሚሆኑ ያኔውኑ ይቃጠላሉ። ጠዋት ላይ ችግሩ ጣት ነው፤ ፖሊስ ጣት ያያል። እናቴ ሳትጠይቀኝ በሎሚና በአመድ ትፈትገኝ ነበር። አንድም ቀን «ይኸ ምንድን ነው?» አላለችም።

የወረቀቱን መጨረሻ መስመር መትቼ «ከታች ማን ልበል?» ስለው ሳቀብኝ። «ሞኝ! ስም ይጻፋል እንዴ?» አለኝ። ልክ ነበር። ስም ቢጻፍ ሁላችንም አልቀን ነበር። ይችን ነገር ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። በታኅሣሥ ደርግ የእድገት በኅብረት ዘመቻን አወጀ፤ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ገጠር ወረደ። ዘመቻው ከአሥራ አንደኛ ክፍል በላይ ላለው ስለነበር እኔ ቀረሁ፣ እሱ ሄደ። የካቲት 25 የመሬት አዋጁ ሲወጣ ገበሬ ማኅበር ሲያደራጅ ነበር፤ ከ1957 ጀምሮ «መሬት ለአራሹ» ተብሎ የተጮኸለትን ነገር በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በገመድ እየለካ አከፋፈለ። እንዲህ ያለ ነገር ለወጣት ክፉ ነው እላለሁ እኔ። የጮኸው ሁሉ ወዲያው የሚሆን ይመስለዋል። ከዚያ ኢሕአፓ ገባ፣ ቀይ ሽብር መጣ፣ በ1970 ጠፋ። እናቱ ለሦስት ዓመት አላለቀሱም፤ ማልቀስ መሞቱን ማመን ነው ብለው። እኔ በዚያው ዘመን በመንግሥት ታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ቀን የደርግን ደብዳቤ እየመታሁ፣ ማታ «ያ የእጅ ጽሑፍ የማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይመጣ እየጸለይኩ።

ግንቦት 1983 ያ ልጅ ከጫካ ተመልሶ፣ ጎፈሬውን አሳድጎ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። «አሁንም ትመቺያለሽ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ብድግ ብዬ «እንደምን አደሩ?» አልኩት። በሦስት ዓመት የሚበልጠኝን፣ እጁ በቀለም የጨቀየውን ልጅ አንቱ አልኩት! ለምን እንዳልኩት ዛሬም አይገባኝም። እሱም አልከለከለኝም።

ከዚህ በኋላ ያለው የጠየቅኸኝ ነው። አዋጅ ቁጥር 7/1984 ወጥቶ ክልሎች ሲዋቀሩ የድሮው ወሎ ተከፋፈለ፤ ከፊሉ ወደ ትግራይ፣ ከፊሉ ወደ አፋር፣ የቀረው ሰሜን ወሎ፣ ደቡብ ወሎ፣ ዋግ ኽምራና ከሚሴን የያዘው የኦሮሞ ዞን ሆኖ ያኔ «ክልል 3» ይባል ለነበረው ተሰጠ። ርዕሰ ከተማው ባሕር ዳር ሆነ። ደሴ የክፍለ ሀገር መቀመጫ ሆና የኖረች ከተማ፣ በአንድ ክረምት ዞን ሆነች። የትኛው ፋይል ይቆይ፣ የትኛው ይሂድ የሚለውን ዝርዝር የመታሁት እኔ ነኝ። የጠቅላይ ግዛቱ ዘመን መዝገቦች ሳይቀሩ በካርቶን ታሽገው ኮሪደር ላይ ተደርድረው ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ተላላኪ ካርቶኖቹን እንደ አስከሬን እየዞረ ይዳስሳቸዋል። ፖለቲከኞቻችንም እንደ ፋይሎቹ ናቸው፤ ማደግ የፈለገ ባሕር ዳር መሄድ ነበረበት።

እሱ መጀመሪያ እዚሁ ዞን ተመደበ። ሥራው እንዴት ነበር? ስብሰባ ላይ ወደር የለውም። አዳራሽ ሙሉ የተቆጣ ሰው አረጋግቶ ሲያስቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌባ አልነበረም፤ ይኼንን ከማንም ጋር እማማላለሁ። ሌሊት ሁሉ ይሠራል። ነገር ግን ወረቀት ሲቀርብለት በእርሳስ ዳር ላይ «እንነጋገርበት» ብሎ ይጽፋል። በእርሳስ! ትእዛዝ ሲሰጥ በስልክ ነው፣ ወይ ሰው ልኮ ነው፣ ወይ ኮሪደር ላይ ትከሻ ይዞ ነው። «ኮሚቴው ይወስን» ይላል። ኮሚቴው ደግሞ እሱ ነው። የደመወዝ ሊስት ላይ ይፈርም ነበር መቼም፤ ከዚያ ውጭ ፊርማው ያለበትን ወረቀት ማግኘት ጨረቃ ላይ ውሃ መፈለግ ነበር።

ውሃ ካልኩ፣ ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ አራት ሴቶች ይመጡ ነበር። የእጅ ፓምፓቸው ተሰብሯል፤ የሚያስፈልገው አንዲት ጎማና አንድ ዘንግ ነው፣ የግዥ ፈቃድ ብቻ። ደብዳቤውን እኔ መታሁት፣ አቀረብኩት። «እንነጋገርበት።» ሴቶቹ አራት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው ጊዜ አንደኛዋ የቋጠረችውን ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ አራግፋ «እንግዲህ አንቺ ብዪው፣ እኛ ጥርሳችን አለቀ» አለችኝ። ሰባት ወር። ኋላ እሱ ለስልጠና ባሕር ዳር ሲሄድ ምክትሉ ወረቀቱን አይቶ፣ ብዕር አውጥቶ፣ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ፈረመ። የጧት ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ምክትሉ ድሮ የእርሻ ባለሙያ ነበር፤ ማይክ ላይ ሲወጣ እግሩ ይንቀጠቀጣል። በወሩ ግምገማ ላይ «ያለ ምክክር የሚወስን» ተብሎ ሒስ ወረደበት፤ ቃለ ጉባዔውን እኔው መታሁት። ሰውዬው ከሒሱ በኋላ ወደ ቢሮዬ ገብቶ «ቢያባርሩኝ ወደ ችግኝ ጣቢያዬ እመለሳለሁ» ብሎኝ ሳቀ። አልፈራም። ያ ሌላው ግን ወዴት ይመለሳል? ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወደ ዘመቻ፣ ከዘመቻ ወደ ጫካ፣ ከጫካ ወደ ቢሮ ነው የመጣው። ከወንበሩ ሌላ እንጀራ አያውቅም።

በ1987 ወደ ባሕር ዳር ቢሮ አደገ። በ1989 ክልሉ መሬት እንደገና ሲያሸጋሽግና ገበሬው «ቢሮክራት»፣ «የፊውዳል ርዝራዥ» እየተባለ ሲመደብ እዚያው ነበር። አንድ ጊዜ ለበዓል መጥቶ እናቱ ቤት አገኘሁትና ስለዚሁ ጠየቅሁት። ቡናውን እያየ «ውሳኔው የጋራ ነው» አለኝ። እኔም ሌላ አልጨመርኩም፤ የበዓል ቀን ነው።

በ1993 ሕወሓት ሲሰነጠቅና ድርጅቶቹ ሁሉ «ተሐድሶ» ሲሉ እሱም በግምገማ ወረደ። ደሴ ተመለሰ፣ በአንዲት ሻንጣ። ቤት የለውም፤ እናቱ ቤት ገባ። አንድ ማታ መጥቶ «አቤቱታ ምቺልኝ» አለኝ። ሦስት ገጽ። በቃል እያለኝ መታሁት፤ እንደ ድሮው ተቀምጦ፣ እንደ ድሮው ቃሉን እያጣጣመ። ጨርሼ ወረቀቱን አወጣሁና ብዕር ሰጠሁት። ብዙ ቆየ። ከዚያ ስሙን ጻፈ። ፊርማ እኮ አይደለም፣ ስሙን ነው፤ አንድ በአንድ፣ ፊደሉን እየለየ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ፈተና ወረቀት ላይ እንደሚጽፈው። በሃያ ሰባት ዓመት እጁ ፊርማ አልለመደም ነበር። ቀና ብሎ አየኝና «ምነው?» አለ። «ምንም» አልኩት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ብዬ።

የኔ ጌታ፣ እንዲህ ስልህ እሱን ለማማት አይደለም። ስም የሌለበት ወረቀት ነፍሳችንን አትርፎልናል። ችግሩ ግን ያ ትውልድ ከምስጢር ቤት ሲወጣ ምስጢሩን ይዞ ወጣ፤ የሕዋስ ሥርዓት፣ የትግል ስም፣ ሒስና ግለ ሒስ፣ «ኮሚቴው ወስኗል»፣ ሁሉም ቢሮ ገቡ። ለጥይት የተበጀ ነገር ለውሃ ፓምፕ አይሆንም።

ዛሬማ ማይኩም ሌላ፣ ስሙም ሌላ ነው። ከ2008 ወዲህ የተነሡት ወጣቶች በስልካቸው በስማቸው ጽፈው ነው የታወቁት። በሰኔ 2010 የተመሠረተው አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) የወጣት ምሁራን ፓርቲ ነበር፤ በሰኔ 2013 ምርጫ ተወዳድሮ ለተወካዮች ምክር ቤት አምስት ወንበር አገኘ፤ ከመሪዎቹ አንዱ በለጠ ሞላ በ2014 የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ። ከንቅናቄ ወደ ወንበር የሚወስደው መንገድ ያን ያህል አጥሯል፤ ለእነ እሱ አሥራ ሰባት ዓመት የፈጀ ነገር ዛሬ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ማጠሩ ይጥቀም ይጉዳ እናንተ ታያላችሁ።

ለአንተ ግን፦ «ና ግባ» ያሉህን ሰው «በምን ሥራ? በማን ፊርማ?» ብለህ ጠይቃቸው። «ገብተህ ታየዋለህ» ካሉህ፣ ገብተህ እንዳታየው። ለምክር ቤት በዕጩነት ለመቅረብ ሕጉ የሚጠይቀው ዕድሜ 21 ነው፤ ስለዚህ አትቸኩል፣ አልዘገየህም። ምህንድስናህን ጨርስ፤ ችግኝ ጣቢያ ያለው ሰው ብዕር አይፈራም ብዬሃለሁ። የተማሪዎች ኅብረቱን ቃለ ጉባዔ ደግሞ ማን ነው የሚይዘው? ማን ነው የሚፈርመው? የፈተና ፕሮግራሙ የተሸጋሸገበት ወረቀት ላይ ያንተ ስም ከሌለ፣ እስቲ ሄደህ አስፈልገው።

*

«እትዬ፣ ፒያሳ ከጓደኞቼ ጋር ተወራርደናል። ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች የጻፈውን ጽሑፍ ደሴ ወይዘሮ ስኂን እያለ ነው የጻፈው ይላሉ። እኔ አይደለም ብያለሁ።»
(ከደሴ)

አሸንፈሃል፤ ቡናውን አስቀዳ። ዋለልኝ የወይዘሮ ስኂን ልጅ ነው እንጂ ጽሑፉን የጻፈው አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው። በኅዳር 1962 በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ልሳን በ«ታገል» ወጣ፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ርዝመቱም ጥቂት ገጽ ብቻ። በወሩ ታኅሣሥ 19 የተማሪዎች ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ዋለልኝ ራሱ ኅዳር 29 ቀን 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከማርታ መብራህቱና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ሞተ። ሹመት የሚባል ነገር አላየም፤ ሕገ መንግሥት ላይ የሚያጨቃጭቀን ግን የእሱ ጽሑፍ ነው። ያ የተማረበት ትምህርት ቤት ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ የብየዳ ድምፅ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል።

*

«የደቡብ ወሎ ዞን አስተዳዳሪን መቼ ነው የመረጥነው? እኔ አላስታውስም።»
(ከገራዶ)

አልመረጥክምና ነው። በክልላችን ዞን ሁለት ዓይነት ነው። የብሔረሰብ ዞኖች፣ ማለትም አዊ፣ ዋግ ኽምራና የከሚሴው የኦሮሞ ዞን፣ የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ደቡብ ወሎን የመሰሉት ግን የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ናቸው፤ አስተዳዳሪውን የሚመድበው ክልሉ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርድ የአንድ ሰዓት መንገድ ሳይሆን ወደ ሌላ ዓይነት አስተዳደር ትሻገራለህ። የምትመርጠው የቀበሌ፣ የወረዳ ወይም የከተማ፣ የክልልና የፌዴራል ምክር ቤት አባላትን ነው። አቤቱታ ሲኖርህ የመረጥከው ሰው በር ይቅደም።

*

«እትዬ፣ አባቴ በዚያ ዘመን ትግል ውስጥ ነበር፤ በኋላም ትንሽ ሹመት ይዞ ወረደ። አሁን ሰባ አልፎታል። አንድም ነገር አይነግረንም። ብጠይቀው ‹አልፏል› ይለኛል። ሳይሞትብኝ ታሪኩን ማወቅ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?»
(ሴት ልጁ፣ ከደሴ)

እህቴ፣ «ለምን ታገልክ?» ብለሽ ከጠየቅሽው የአቋም መግለጫ ነው የሚያነብብሽ። ወይ ዝም ይልሻል። ነገሩን በዕቃ በኩል ግቢበት። በጫካ ምን ይበሉ ነበር? ጫማው ሲያልቅ በምን ይሰፋ ነበር? ምግብ የሚያበስለው ማን ነበር፣ ይጣፍጥለት ነበር? ከዚያ፦ ስንት ስም ነበረው? የዚያ ትውልድ ሰው ሁለት ሦስት ስም አለው፤ አንዱን ሲነግርሽ ስሙን ማን እንዳወጣለት ጠይቂው፤ ያ ሰው ምናልባት የሞተ ነው፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

ቡና አፍይለት፤ አቦል ላይ ምንም አትበዪ። ወሎዬ ቁም ነገር በረካ ላይ ነው የሚናገረው። ስልክሽን ደብቀሽ እንዳትቀጂው፤ በድብቅ መሰማትን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ቢነቃብሽ ዳግም አታገኚውም። «አባ፣ ልቅዳው?» በዪው።

አንድ ነገር ግን ቀድመሽ አስቢ። የሚነግርሽ ሁሉ የደረሰበት ብቻ ላይሆን ይችላል። ያደረሰውም ይኖራል። ዝም ያለው ከአንቺ ለመደበቅ ሊሆን ይችላል። በዚያን ቀን ፊትሽን እንዳታዞሪበት። ካልቻልሽ ግን ተነሥተሽ ሲኒውን እጠቢ፣ ተመልሰሽ ተቀመጪ። አብሽሪ።

*

«እትዬ፣ የድሮ የጽሕፈት መኪናዎን ይሸጣሉ ሲባል ሰማሁ። ለሱቄ ጌጥ እፈልገዋለሁ።»
(ከሸዋ በር)

ማን እንዳወራብኝ አውቄዋለሁ። ለጌጥ ከሆነ አልሸጥም፤ ትሠራበታለህ ከሆነ እንነጋገር። (አየህ፣ እኔም ለመድኩት።) ጉድለቱን ግን እወቅ። የእኛ ፊደል መኪና ላይ ግዕዙ ለብቻው፣ የካዕቡ ቅጥያ ለብቻው ነው የሚመታው፤ የካዕቡ ቁልፍ ከተሰበረ አሥር ዓመት ሆነው። «ሹመት» ብለህ ስትመታ «ሸመት» ይልሃል፤ ሸመታ ልትሄድ የወጣህ እንጂ የተሾምክ አትመስልም። ቁልፉን የሚበይድልህ ሰው የፖሊ ቴክኒኩ ልጆች ዘንድ ታገኛለህ። ሪባኑን ግን አንተ ፈልግ፤ እኔ ፈልጌ ደክሞኛል።